ጋማ፣ ጭራ እና ኮቴ፦ ከጅማ ፈረሰኞች እስከ መጫወቻ ፈረስ ሰብሳቢዎች

ፈረስ አዋቂ ገበያ ሲወጣ የሻጩን ወሬ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል። የሚያምነው እጁንና ዓይኑን ነው። ጋማውን ይዳስሳል፣ ጭራውን ያነሣል፣ ኮቴውን ገልብጦ ያያል፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋ የሚነጋገረው። በዛሬው ዓለም ጋማቸው በማበጠሪያ የሚበጠር የፕላስቲክ ፈረሶችን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ እነሱም አንድ መጫወቻ ሲያነሡ የሚያዩት እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ነው። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ የአፈራረድ ሥርዓታቸው ግን አንድ ነው። ይህ ትረካ ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው ጋ ይደርሳል። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

መነሻው ጅማ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግድም በጊቤ ምድር ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የተባሉ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ቆሙ። ከአምስቱ ረጅም ዕድሜ ያገኘው የጅማ መንግሥት ሲሆን፣ ከ1830 እስከ 1855 የገዙት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ስማቸውን ለአገሩ ጭምር አወረሱ፤ ጅማ አባ ጅፋር ተባለ። የንጉሡ አባት አባ መጋል ነበሩ። ከንጉሡ በኋላ አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል ተከታትለው ነገሡ፤ በ1878 ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ዙፋን ላይ ተቀመጡ። እነዚህ ሁሉ የፈረስ ስሞች ናቸው። ጌታው የሚጠራው በሚጋልበው ፈረስ ነበር፤ የፈረሱም ስም ብዙ ጊዜ ከገላው መልክ ይወጣል። መጋላ ቀላ ያለ ቡናማ ፈረስ ነው፤ ቦቃ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ነው። የጅማ ሰው የፈረሱን ጠጉር ማንበብ ስላወቀ የንጉሡን ስም ከዚያው ጠጉር ቀዳ።

ልማዱ በጊቤ ብቻ የቆየ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። የራስ መኰንን ፈረስ ስም ቃኘው ሲሆን፣ በ1951 ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ በዚሁ ስም ተጠራ። ፈረሱ ከሞተ ብዙ ዓመት በኋላ ስሙ ባሕር ተሻገረ። አማርኛውም የራሱ የመልክ መዝገብ ነበረው፤ ነጩ አምባላይ፣ ቀይ ቡናማው ዳማ፣ ጥቁሩ ጉራቻ፣ ግንባረ ነጩ ቦራ ይባላል። ለአሞጋሽና ለፎካሪ እነዚህ ቃላት መታወቂያ ነበሩ።

ጠጉሩ ከመልክ በላይ ጥቅም ነበረው። የማሲንቆ ክር ከፈረስ ጭራ ይሠራል፤ የደጋኑም እንዲሁ። ዝንብ ማባረሪያው ጭራም ስሙን ከዚሁ አገኘ። የተሰባበረና የሳሳ ጠጉር ለማሲንቆም ለጭራም አይሆንም፤ ረጅምና ጠንካራ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ እኩል የሆነው ነው የሚፈለገው። ፈረስ ለበዓል ሲወጣ ጋማው ይበጠራል፤ ልጓሙ፣ እርካቡ፣ ኮርቻውና ጀርባው ላይ የሚጣለው ግላስ የጌታውን ማዕረግ ይናገራሉ። በዚህ አስተያየት ፈረስ ከነጌጡ የሚሰበሰብ፣ የሚጠበቅና የሚመዘን ሀብት ነበር።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ለዐፄ ምኒልክ ገብረው፣ ግብራቸውን እየከፈሉ፣ አገራቸውን ከጦርነት ጠብቀው ቆዩ። በ1932 ሲሞቱ ግን የጅማ ራስ ገዝነት አበቃ። ከ1936 በኋላ ጣሊያኖች ከጅሬን ኮረብታ በታች፣ በሒርማታ ገበያ አካባቢ ከተማ አስፋፉ፤ ጅማንም የአንድ ሰፊ ግዛት መቀመጫ አደረጓት። የመኪና መንገድ መጣ፤ ቡናውም ከእንስሳት ጀርባ ወደ ካሚዮን ተዛወረ። የፈረሱ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ጋሪ ወረደ። የጌቶች ስም ከፈረስ መውጣቱም ቀረ።

በሌላ የአገሪቱ ጫፍ ግን ሰዎች ይህ ሀብት እንዳይረሳ ተሰባሰቡ። በ1940 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ፤ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት ከአርበኛው ጋር የዋሉትን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ ነው። በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ማኅበርተኛው ፈረሱን አስጊጦ ይወጣል፤ ሽምጥ ይጋለባል፣ ጉግስ ይካሄዳል። እዚያ የሚታየው የፍጥነት ውድድር ብቻ አይደለም፤ የማን ፈረስ እንዴት ተቀልቦ፣ እንዴት ተጊጦ መጣ የሚለውም ይታያል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን ተረት የሚያውቅ ሕዝብ፣ ያደረሰውን ፈረስ አልረሳም።

ልጆችስ? ፈረስ መግዛት የማይችል ልጅ ፈረስ ይሠራል። ዱላ በእግሮቹ መካከል አድርጎ ይሮጣል፤ ከጭቃ ፈረስና በሬ ጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ ያደርቃል። በቆሎ በሚበዛበት በጅማ ገጠር ደግሞ ሴቶች ልጆች የበቆሎውን ለጋ ጠጉር እየሸረቡ አሻንጉሊት ያደርጉታል። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ልጅ መጫወቻውን የሚወደው ጠጉሩ ሲበጠርና ሲጎነጎን ነው። የጭቃው ፈረስ ጋማ ግን ከገላው ጋር የተጣበቀ ጭቃ ነው፤ አይበጠርም። የበቆሎውም ጠጉር በማግስቱ ይጠወልጋል። የሚበጠርና የማይጠወልግ ጋማ ያለው ፈረስ እንዲመጣ ሁለት ነገር መፈልሰፍ ነበረበት፤ ሰው ሠራሽ ጭረትና ለስላሳ ፕላስቲክ።

ጭረቱ ቀድሞ መጣ። የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ በ1938 ናይለንን ለዓለም አስተዋወቀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪኒል የተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ በአሻንጉሊት ፋብሪካዎች ተለመደ፤ ጠጉርን በማሽን መርፌ ቀጥታ የአሻንጉሊቱ ጭንቅላት ውስጥ መስፋት የተቻለው ቪኒሉ ለስላሳ ስለሆነ ነው። በ1959 የወጣችው ባርቢ በዚህ ዘዴ የተሠራች ናት፤ በ1971 ደግሞ ዳንሰር የሚባል የራሷ ፈረስ ተጨመረላት። በሌላ ወገን በ1950 ቺካጎ ውስጥ ብሬየር የተባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ለአንድ የመደርደሪያ ሰዓት ማስዋቢያ ፈረስ ሠራ፤ ሰዎች ከሰዓቱ ይልቅ ፈረሱን ስለፈለጉ ኩባንያው ፈረስ ሠሪ ሆኖ ቀረ። የብሬየር ፈረሶች እውነተኛውን ፈረስ በጡንቻና በአቋም ይመስላሉ፤ በኤግዚቢሽን ተደርድረው በዳኞች ይመዘናሉ። አብዛኞቹ ጋማቸው ግን ከገላቸው ጋር አብሮ የተቀረጸ ነው።

ሁለቱን መንገድ ያገናኘችው ቦኒ ዛከርሊ የተባለች አሜሪካዊት ሠዓሊ ናት። አባቷ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ የልጅነቷን ከፊል በጃፓን ስታሳልፍ የራሷ ፈረስ እንዲኖራት ትመኝ ነበር። አድጋ በሮድ አይላንድ ግዛት በሚገኘው ሀስብሮ ኩባንያ ተቀጠረች። ሀስብሮ በ1923 ሐሰንፌልድ በተባሉ ስደተኛ ወንድማማቾች የተመሠረተና በጨርቅ ቁራጭ ንግድ የጀመረ ድርጅት ነበር። ዛከርሊ ልጅ አቅፋ የምትተኛው፣ ጋማውን የምታበጥረው ትንሽ ለስላሳ ፈረስ እንሥራ ብላ አሳሰበች። ኩባንያው በመጀመሪያ የሠራው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ በ1981 ከቀራጩ ቻርልስ ሙንሺንገር ጋር የተሠራው «ማይ ፕሪቲ ፖኒ» ደረቅ ፕላስቲክ፣ ትልቅና አገጩ ሥር ባለ ማንቀሳቀሻ ጆሮውን የሚያርገበግብና የሚጠቅስ ፈረስ ነበር። አሠራሩ ያስገርማል፤ እቅፍ ውስጥ ግን አይመችም።

ኩባንያው ወደ ሴትየዋ ሐሳብ ተመለሰ። በ1983 «ማይ ሊትል ፖኒ» በሚል ስም ስድስት ትናንሽ የቪኒል ፈረሶች ገበያ ወጡ፤ ኮተን ካንዲ፣ ብሉ ቤል፣ በተርስኮች፣ ሚንቲ፣ ስነዝልና ብሎሰም። ከነዚህ በተርስኮች ለእኛ ዳማ፣ ስነዝል ለግራጫው ዳለቻ ይቀርባሉ፤ እንደ ብሉ ቤልና ኮተን ካንዲ ያሉት ግን በሜዳ ላይ የማይታይ ሰማያዊና ሮዝ ገጽ ነበራቸው። ዳሌያቸው ላይ ለየራሳቸው የተሰጠ ምልክት ታትሟል። ፈረሱ የሚታወቀው በገላው ቀለም፣ በጋማውና በምልክቱ ሆነ፤ ስሙም ከነዚሁ ወጣ። የጊቤ ፈረሰኛ ይህን አሰያየም ለመረዳት አይቸገርም ነበር።

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ በደርግ ሥር ነበረች፤ በውጭ ምንዛሪ እጥረትና በረሃብ የተፈተነችበት ወቅት ስለነበር የመጫወቻ ፈረስ ዜና አገር ቤት የሚያሰማ ሰው አልነበረም። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን መንጋው በዛ። ክንፍ ያላቸው፣ አንድ ቀንድ ያላቸው፣ የባሕር ፈረስ የሚመስሉ፣ ውርንጭላዎች፣ ገላቸው እንደ ከፋይ የለሰለሰ ተከታትለው ወጡ። በ1984 የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ካርቱን፣ በ1986 ደግሞ የሲኒማ ፊልም መጣ። ኩባንያው ፈቃድ ሰጥቶ በግሪክና በብራዚል የተሠሩት በቀለምና በቅርጽ ይለያሉ፤ ዛሬ ሰብሳቢ የሚጣላባቸው አንዳንዶቹ እነዚህ ናቸው። በ1992 ሽያጩ በአሜሪካ ቆመ፤ በአውሮፓ እስከ 1995 ቀጠለ።

መሰብሰብ በእውነት የጀመረው ምርቱ ሲቆም ነው። በሰማንያዎቹ የተጫወቱባቸው ልጆች አድገው የራሳቸው ደመወዝ ሲኖራቸው፣ በአሮጌ ዕቃ ገበያ የተጣሉትን ፈረሶች ማንሣት ጀመሩ። ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ተገናኝተው የሚገበያዩበትና የሚወዳደሩበት ዐውደ ርእይ ተለመደ። ያን ጊዜ ነው ዳኝነቱ ሥርዓት የያዘው።

ዳኝነቱ ከኮቴ ይነሣል። የውስጥ እግሩ ሲገለበጥ የአምራቹ ስም፣ ዓመትና ብዙ ጊዜ የተሠራበት አገር ታትሞ ይገኛል። ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የታተመው ዓመት ቅርጹ በሕግ የተመዘገበበት እንጂ ያ ፈረስ ከፋብሪካ የወጣበት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ፈረሶች ላይ ደግሞ የኮቴው ቅርጽ ራሱ ይመሰክራል። ቀዳሚዎቹ ኮቴያቸው ከሥር ጎድጓዳ ነው፤ በኋላ የወጡት ዝርግ ነው። ስለዚህ ሁለት በተርስኮች ጎን ለጎን ቢቆሙ ታላቁን ከታናሹ የሚለየው ኮቴው ነው።

ቀጥሎ ጋማው ይመጣል። በመጀመሪያ ጠጉሩ በመርፌ የተተከለባቸው ቀዳዳዎች ሙሉ መሆናቸው ይታያል፤ መሐሉ ባዶ ከሆነ የተነቀለ ጠጉር አለ። ከዚያ ርዝመቱ ይለካል። ልጆች መቀስ ይወዳሉና የተቆረጠ ጋማ ያለው ፈረስ ዋጋው ወዲያው ይወድቃል፤ በአንጻሩ በፖስታ ትዕዛዝ ይሸጥ የነበረውና ጋማው እጅግ የረዘመው ራፑንዘል የተባለው ከውድ ፈረሶች ተርታ ይቆጠራል። በመጨረሻም የጭረቱ ዓይነት ይታያል። ናይለን እርጥብ ሆኖ ሲበጠር ይተኛል፤ ያንጸባርቃል፤ ለዓመታት ይቆያል። ርካሹ ፖሊፕሮፒሊን ግን ሲነካ ደረቅና ሰም ሰም ይላል፤ ጥቂት ጊዜ ከተበጠረ በኋላ ይንጨባረራል፤ ወደ ቀድሞ መልኩም በቀላሉ አይመለስም። ሁለቱን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጣት ይበቃል።

ሦስተኛው ጭራው ነው። በጥንቶቹ ፈረሶች ጭራው ከውስጥ በኩል በቀዳዳው ተስቦ ወጥቶ በብረት ቀለበት ተይዟል። ልጅ ፈረሱን ገንዳ ውስጥ ካጠበው ውሃ በቀዳዳው ይገባል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱ ከጭራው ሥር ጀምሮ ጠጉሩን ቡናማ ያደርገዋል። ከሩቅ ምንም የማይመስል ፈረስ ጭራው ሲገለጥ ገመናው ይወጣል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ሻጩ የጭራውን ሥር ፎቶግራፍ ካላሳየው አይከፍልም።

ገላው በመጨረሻ ይመረመራል። የዳሌው ምልክት ተፍቆ እንደሆነ፣ የዓይኑ ቀለም ተልጦ እንደሆነ፣ እስክሪብቶ ጭሮበት እንደሆነ ይታያል። ሰብሳቢዎች በቅጽል ስም «ካንሰር» የሚሉት ጉዳት አለ፤ ፕላስቲኩ ውስጥ የሚወጣ የነጠብጣብ ቀለም ነው፤ ከላይ ያለ ቆሻሻ ስላልሆነ በሳሙና አይለቅም። ፀሐይ ደግሞ በተለይ ሮዝ ጠጉርን ታገረጣለች። ጠጉሩ የተጎዳን ፈረስ ማዳን ይቻላል፤ ጭንቅላቱ ከአንገቱ ተነቅሎ አዲስ ጭረት በቀዳዳዎቹ ይተከልበታል። ሥራው ሲያምር ይደነቃል፤ ነገር ግን የታደሰ መሆኑ ለገዢ መነገር አለበት። ያልተናገረ ሻጭ አታላይ ነው።

ታሪኩ በዚህ አልቆመም። ሀስብሮ በ1997 ቀጠን ያሉ ፈረሶች ቢያወጣም በአሜሪካ ብዙ አልቆዩም። በ2003 ወደ ቀድሞው ወፍራም ቅርጽ ተመልሶ ኮቴያቸው ውስጥ ማግኔት ያለባቸውን አወጣ። በ2010 ሎረን ፋውስት ያሰናዳችው አዲስ የቴሌቪዥን ካርቱን ጀመረ፤ እስከ 2019 ሲቀጥል ከልጆች ሌላ ጎልማሳ ወንዶችም በብዛት ተመልካቹ ሆኑ፤ ለነሱም የተዘጋጀው ትልቁ ጉባኤ በዚያው ዓመት በባልቲሞር ከተማ የማሰናበቻ ስብሰባ አደረገ። የዝናው ዘመን ግን የጥራት ዘመን አልነበረም፤ በአንዳንዶቹ ምርቶች ላይ ያ የሚንጨባረረው ፖሊፕሮፒሊን ገባ፤ ሰብሳቢውም የሰማንያዎቹን ናይለን ናፈቀ። በ2021 ሰብሳቢዎች አምስተኛው ትውልድ የሚሉት ምርት በፊልም ታጅቦ መጣ። በ2024 ማይ ሊትል ፖኒ በአሜሪካ ብሔራዊ የመጫወቻዎች የክብር መዝገብ ላይ ሰፈረ። ከአርባ ዓመት በኋላ መጫወቻው ቅርስ ተባለ ማለት ነው።

ዛሬ በጅማ ሱቆችም በአዲስ አበባ መርካቶም ጋማው የሚበጠር የፕላስቲክ ፈረስ ይገኛል። አብዛኛው የቻይና ሥራ ነው፤ ስም የለሽም ብዙ ነው። ለልጅ የሚገዛ ወላጅ ስም መፈለግ አያስፈልገውም፤ ከላይ ያሉት ፍተሻዎች ይበቁታል። ጋማውን በጣት ሳብ አድርጎ የሚነቀል መሆኑን ማየት፣ ቀዳዳዎቹ ጥቅጥቅ ማለታቸውን ማየት፣ ፕላስቲኩ የሚያጣብቅና የሚሸት ከሆነ መተው። ቤት ከገባ በኋላም የልጅ ጠጉር እንደሚፈታ ከጫፉ እየጀመሩ ወደ ሥሩ ማበጠር፣ ሲታጠብ ውሃ በጭራው ቀዳዳ እንዳይገባ መጠንቀቅ፣ ዝናብ በሚበዛበት በጅማ አየር ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ ሣጥን ውስጥ አለመክተት ነው።

አንድ ቁም ነገር ግን ይቀራል። በባዕድ አገር ሰዎች ከአርባ ዓመት በፊት የተሠራን ፕላስቲክ ኮቴውን ገልብጠው፣ ዘመኑን መዝግበው፣ ጠጉሩን አጥበው ያስቀምጣሉ። እኛ ዘንድ ንጉሥን በስሙ ያስጠራ ፈረስ ነበር፤ የዚያ ፈረስ ኮርቻ፣ ልጓም፣ እርካብና ግላስ በጅማ ሙዚየም ጥቂቱ ቢቀመጥም፣ በየቤቱ ማድ ቤትና ቆጥ ላይ በአይጥና በብል የሚያልቀው ይበዛል። ሽማግሌዎቹ የፈረሶቹን ስምና መልክ ያስታውሳሉ፤ ለመጠየቅ ግን ጊዜው አጭር ነው። በጅማ ከተማ በቦሳ ኪቶ ቀበሌም፣ በአጋሮም፣ በሊሙም ያላችሁ አንባቢዎች፣ የአያታችሁን ኮርቻ ካገኛችሁ ለአንጥረኛ ከመሸጣችሁ በፊት የማን እንደነበረና የፈረሱ ስም ማን እንደነበር ጻፉበት። መሰብሰብ የሚባለው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።